ምዕራፍ 6፦ የማይፈላ ድስት

እ.ኤ.አ. በ1956 አውግስቡርግ በምትባል የደቡብ ጀርመን ከተማ ሩዶልፍ ኩንስትማን የተባለ ሰው ወይን በስኳርና በቅመም አጣፍጦ፣ በጠርሙስ አሽጎ ለገና ገበያ አቀረበ። በጠርሙስ ታሽጎ ለሽያጭ የወጣ የመጀመሪያው ግሉቫይን፣ ማለትም ሞቅ ተደርጎ የሚጠጣ የቅመም ወይን፣ የእሱ እንደሆነ ይነገራል። ባለሥልጣናቱ ግን አልሳቁለትም። ወይን ላይ ስኳር መጨመር በጊዜው የወይን ሕግ የተከለከለ ስለነበር የገንዘብ ቅጣት ጣሉበት። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላሰለቻችሁም።)

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል፤ ግሉቫይን የራሱ ሕግ አለው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ እንደሚለው በዚህ ስም የሚሸጥ መጠጥ ከወይን ብቻ መሠራት አለበት። ዋነኛ ቅመሙ ቀረፋ ወይም ቅርንፉድ ነው፤ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። የአልኮል መጠኑ ከ7 በመቶ ማነስ የለበትም። ውሃ ከልሶ ማብዛት ክልክል ነው። ከነጭ ወይን የተሠራ ከሆነ ደግሞ ይህ ጠርሙሱ ላይ ይጻፋል። ኩንስትማንን ያስቀጣው ስኳር አሁን ማንንም አያስቀጣም።

ቤቱ ድስት ጥዶ የሚሠራውን ሰው ይህ ደንብ አይመለከተውም፤ ማንም መጥቶ ድስታችሁን ከፍቶ አያይም። እኔ የጠቀስኩት መጠጡ ምን እንደሆነ ባጭሩ ስለሚናገር ነው፦ ወይን፣ ጣፋጭ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ። ሁሉም ሰው የሚጨምረውን ብርቱካን እንኳ በስም አይጠራውም። ደንቡ ስለ እሳቱም አንዳች አይልም፤ ለእኔ ግን ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ደህና ወይን ተገዝቶ፣ ደህና ቅመም ተመርጦ፣ በመጨረሻ ድስቱን እንደ ወጥ ማንተክተክ ብዙ ቤት የሚታይ ጥፋት ነው። «አታፍላው» የሚለውን ምክር ሁሉም ሰምቶታል፤ የሚሰጠው ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደለም። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ደግሞ ምክሩን የሚጠብቀው እንግዳ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው።

ጀርመን አገር ሄዶ ግሉቫይን የቀመሰ ሰው የቀመሰው ገበያ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ከገና በፊት ባሉት አራት ሳምንታት፣ አድቬንት በሚሉት ወቅት፣ የየከተማው አደባባይ በእንጨት ዳሶች ይሞላል። የድሬስደኑ ሽትሪትሰልማርክት ታሪኩን ከ1434 ይቆጥራል። የኑረምበርጉ ክሪስትኪንድለስማርክት ለዕድሜው የሚያቀርበው ማስረጃ 1628 የሚል ዓመት የተጻፈበት ከስስ እንጨት የተሠራ ትንሽ ሣጥን ነው። ገበያዎቹ ይህን ያህል ያረጁ ናቸው፤ ፋብሪካ ሞልቶ የሚያቀርበው መጠጥ ግን ከኩንስትማን ወዲህ የመጣ ነው።

ሻጩ የሚቀዳው በወፍራም የሸክላ ኩባያ ነው። ኩባያው ላይ የከተማው ሥዕል፣ ብዙ ጊዜም ዓመቱ ታትሞበታል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ከከንፈሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ አንዲት ቀጭን መስመርና 0.2 ሊትር የሚል ጽሑፍ አለ። መስመሯ ለጌጥ አይደለችም። ሻጩ እስከዚያ መሙላት አለበት፤ ካጎደለ «ሙላልኝ» ማለት መብታችሁ ነው። ከመጠጡ ዋጋ በላይ ጥቂት ዩሮ የኩባያ መያዣ ይከፈላል፤ ፋንድ ይሉታል፤ ኩባያው ሲመለስ ገንዘቡም ይመለሳል። ፍራንክፈርት ወይም ሙኒክ የሚኖር ዘመድ ቤት ሄዳችሁ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ዓመታቸው የተለያየ ኩባያዎች ተደርድረው ካያችሁ፣ መያዣውን ትቶ ኩባያውን ይዞ የመጣ ሰው ቤት ናችሁ። ሌብነት አይባልም፤ ከፍሎበታል።

መጠጡን ግን ላሞግሰው አልችልም። ዳሱ ውስጥ ያለው የመጠጥ ማሞቂያ ከቀትር እስከ ማታ አይጠፋም፤ ወይኑ እዚያ ውስጥ ሰዓታት ይቆያል። የጠፋውን መዓዛ ለመሸፈን ስኳሩ ይበዛል። ውጭው ከዜሮ በታች ሆኖ ጣት ሲደነዝዝ የሞቀ ነገር ሁሉ ይጣፍጣል፤ ያንኑ መጠጥ ሞቅ ያለ ሳሎን ውስጥ ብታቀርቡት እንግዳው ግማሹን ትቶት ይሄዳል። በገበያው ውስጥ የወይን ገበሬዎች ከራሳቸው እርሻ ወይን የሠሩትን፣ ቪንትሰርግሉቫይን የተባለውን ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ቤት የሚሠራው ነው፤ ይህን የምለው የቤት ነገር ሁሉ ይበልጣል ከሚል ስሜት ሳይሆን ቤት ውስጥ ድስቱን የሚያወርደው ሰው አጠገቡ ስላለ ነው።

ወይንን በቅመም ማሞቅ የጀርመኖች ፈጠራ አይደለም። አፒኪዩስ በሚል ስም የሚታወቀው የሮማውያን የምግብ መጽሐፍ ኮንዲቱም ፓራዶክሱም የሚባል ቅመም የገባበት ወይን አለው። ቁንዶ በርበሬ፣ ሳፍሮን፣ የተጠበሰ የተምር ዘርና በወይን የራሰ ተምር ይገባበታል። የሚገርመኝ ግን ቅመሙ ሳይሆን አሠራሩ ነው። መጀመሪያ ብዙ ማር ከ2 ስፍር ወይን ጋር ብቻ እሳት ላይ ይጣዳል። አረፋው ሲነሣ ወይን ጠብ እያደረጉ ያበርዱታል ወይም ከእሳት ያወጡታል። ቅመሙም ከገባ በኋላ፣ በመጨረሻ፣ የቀረው 18 ስፍር ወይን ይጨመራል። ከ20 እጁ 2ቱን ለእሳት ሰጥተው 18ቱን አትርፈዋል ማለት ነው። ይህን ዘዴ ያዙት፤ ወደ ድስቱ ስንደርስ እንጠቀምበታለን።

የጀርመኖቹን በተመለከተ፣ በጣም ከሚጠቀሱት የጥንት አሠራሮች አንዱ ሳክሶኒ ውስጥ በታኅሣሥ ወር 1834 የተጻፈው የባላባቱ የቫከርባርት አሠራር ነው። ዛሬ ግሉቫይን ሲባል ቀይ ብቻ ለሚመስለው ሰው ያስደንቃል፤ ወይኑ ነጭ ነው። ከቅመሞቹ ቀረፋው ይበዛል፤ ዝንጅብሉ የቀረፋው እኩሌታ ነው፤ ከዚያ አኒስ፣ ሮማን፣ ገውዝና ሄል፣ በመጨረሻም ትንሽ ሳፍሮን አለ። ማጣፈጫው ስኳር ወይም ማር ነው። ይህን ዝርዝር ያገሬ ባለሙያ ሴት ብታነበው ከሳፍሮኑና ከሮማኑ በቀር የቅመም ማስቀመጫዋን የሚገልጽ ይመስላታል። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ያለበት ሻይ እየጠጣን ስላደግን የግሉቫይን ሽታ ለኛ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሚሆንብን ቅመሙ ወይን ውስጥ መገኘቱ ነው።

እንግዲህ ወይኑን እንምረጥ። የጀርመን ባለሙያዎች ለቀዩ ዶርንፌልደር፣ ትሮሊንገር፣ ወይም ሌላው ዓለም ፒኖ ኗር የሚለውን ሽፔትቡርጉንደር ያነሣሉ። የሚያመሳስላቸው ነገር የፍሬ ጣዕማቸው ጎልቶ መውጣቱ ነው፤ ዶርንፌልደር ቀለሙ ቢጠቁርም ትሮሊንገርና ሽፔትቡርጉንደር ምላስን የማያሳስሩ ለስላሶች ናቸው። ምላስ የሚያሳስረው ነገር ታኒን ይባላል፤ ከወይኑ ቆዳና ዘር የሚመጣ ነው። ቀረፋና ቅርንፉድም የየራሳቸው ታኒን አላቸው። ታኒኑ የበዛ ወይን ላይ እነዚህን ቀቅላችሁ ስትጨምሩ ምሬቱ ይደራረብና ስኳር ማብዛት ግድ ይሆናል። በእንጨት በርሜል የቆየ ወይንም አይሆንም፤ የእንጨቱ ጠረን ከቅመሙ ጋር ይጋፋል፤ ደግሞም ለዚያ ጠረን ተጨማሪ ገንዘብ ከፍላችኋል።

«ለማሞቅ ነው፤ መናኛው ይበቃል» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ወይን ሲሞቅ ሽታው ሁሉ ቶሎ ይነሣል፤ ጥሩውም መጥፎውም። ወደ ኮምጣጤ መሄድ የጀመረ ወይን ቀዝቅዞ ሲጠጣ ትንሽ ይሸፍናል፤ ሲሞቅ ግን ገና ኩባያው ወደ አፍ ሳይደርስ አፍንጫ ያቃጥላል። በጣም ውድ ወይንም አታባክኑ። ቀዝቅዞ ሲቀዳላችሁ ያለ ቅሬታ አንድ ብርጭቆ የምትጠጡት ወይን ከሆነ በቂ ነው።

ወደ ቅመሙ ስንመጣ፣ ቀዳሚው ደንብ ሙሉውን እንጂ የተፈጨውን አለመጠቀም ነው። የተፈጨ ቀረፋ መጠጡን ያደፈርሳል፣ ጥርስ ላይ ይቀራል፣ ማጥለያም አይዘውም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከድስቱ ሊወጣ አለመቻሉ ነው። ሙሉውን ቀረፋ ጣዕሙ በቃኝ ስትሉ ታወጡታላችሁ፤ ዱቄቱ ግን እንደገባ ይቀራል።

ቀረፋ ሁለት ዓይነት ነው። የሲሎኑ ብዙ ስስ ቅጠል አንድ ላይ የተጠቀለለ ይመስላል፤ በጣት ሲጫኑት ይፈረካከሳል። ካሲያ የሚባለው አንድ ወፍራም ቅርፊት ነው፤ በጡጫም አይሰበርም። ጣዕሙ የካሲያው ይበረታል። ኩማሪን የሚባለው፣ ሲበዛ ጉበት የሚጎዳው ንጥረ ነገርም በካሲያ ውስጥ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የጀርመን የጤና ባለሥልጣናት በተለይ በገና ሰሞን ስለ ቀረፋ ብስኩት የሚያስጠነቅቁት ለዚህ ነው። ባመት አንዴ አንድ ኩባያ የሚጠጣ አዋቂ ሊጨነቅ አይገባውም፤ ምርጫ ካለ ግን የሲሎኑን ውሰዱ፤ ጣዕሙም ጨዋ ነው።

ቅርንፉድ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። ውስጡ ያለው ዩጄኖል የሚባል ዘይት ነው። ጥርስ ሲያም ቅርንፉድ ንከስ የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ ዩጄኖል ያደነዝዛል። አንድ ጠርሙስ ወይን ውስጥ 12 ቅርንፉድ ብትጨምሩ መጠጡ የጥርስ ሐኪም ቤት ይሸታል። 4 ወይም 5 ይበቃል። ጀርመኖቹ ጥሩ ዘዴ አላቸው፤ ቅርንፉዱን በብርቱካን ቁራጭ ላይ ይሰኩታል። ቁራጩ ሲወጣ ቅርንፉዱም አብሮ ይወጣል፤ ማንም ኩባያው ውስጥ አግኝቶ አይነክሰውም።

ስታር አኒስ፣ ያ ኮከብ የሚመስለው ቅመም፣ አንድ ፍሬ ብቻ። ብርቱካኑን በደንብ እጠቡት፤ ለገበያ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ሰምና የሻጋታ መከላከያ የተቀባ ስለሆነ ላዩ ያልተቀባ የሚል ካገኛችሁ እሱን ግዙ። የሚፈለገው ቢጫው የላይኛው ልጣጭ ነው፤ መዓዛ ያለው ዘይት እዚያ ነው ያለው። ከሥሩ ያለው ነጩ መራራ ነው። ብርቱካኑን እንዳለ በክብ በክብ ቆርጦ መጨመር ለፎቶ ያምራል፤ ነጩ ልጣጭ ሙቅ ወይን ውስጥ አንድ ሰዓት ሲቆይ ግን ምሬቱ ይወጣል። በክብ የተቆረጠውን ከፈለጋችሁ ሲቀዳ ኩባያው ላይ አድርጉት።

አሁን ወደ እሳቱ። ጀርመን ውስጥ ግሉቫይን የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቁጥር ያውቃል፦ 78 ዲግሪ። አልኮል 78 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ስለዚህ ድስቱ ከዚያ ካለፈ አልኮሉ ተንኖ ያልቃል ይባላል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ንጹሕ አልኮል በባሕር ወለል ከፍታ 78 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ድስታችሁ ውስጥ ያለው ግን ንጹሕ አልኮል አይደለም። 12 በመቶ አልኮል ያለው ወይን አብዛኛው ውሃ ነው፤ የሁለቱ ድብልቅ የሚፈላው 91 ወይም 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። 78 ላይ ድስቱ ውስጥ ምንም የተለየ ነገር አይፈጠርም። አልኮሉ ከዚያ በፊትም ይተን ነበር፤ 60 ዲግሪ ላይ ክዳኑን ከፍታችሁ አፍንጫችሁን ብታስጠጉ ታገኙታላችሁ። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ትነቱ ይፈጥናል እንጂ ሲያልፉት ሁሉም የሚጠፋበት ድንበር የለም።

ተቃራኒውም ስህተት ነው፤ «ስላፈላሁት አልኮል የለውም» የሚለው። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ለምግብ ሥሌት የሚያወጣው ሠንጠረዥ እንደሚያሳየው፣ አልኮል የገባበት ምግብ 15 ደቂቃ ሲንተከተክ 40 በመቶው አልኮል እዚያው ይቀራል፤ በግማሽ ሰዓት 35 በመቶው፣ በአንድ ሰዓት 25 በመቶው። ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ ተንተክትኮ 5 በመቶ ይቀራል። ስለዚህ የፈላ ግሉቫይን ለልጅ፣ ለነፍሰ ጡር ወይም መጠጥ ለተወ ሰው አይሰጥም። ለነሱ ከመጀመሪያው ወይን የሌለበት ኪንደርፑንሽ ይሠራል፤ የወይን ፍሬ ጭማቂ ወይም የአፕል ጭማቂ ከከርከዴ ሻይ ጋር፣ በዚያው ቅመም። ጭማቂው ጣፋጭ ስለሆነ ስኳሩ ይቀራል፤ ሎሚ ግን ይጨመቅበት።

ታዲያ ማፍላት የሚጎዳው ምንድን ነው? አልኮሉን ይጎዳል፤ ከሱ ቀድሞ ግን መዓዛውን ይጎዳል። ወይኑን ወይን የሚያሰኙት የፍሬ ሽታዎች ቀላልና ተናኝ ናቸው። ድስቱ ሲፈላ ቤቱ በሙሉ ያውዳል፤ ባለቤቱ ደስ ይለዋል፤ ግን የቤቱን አየር ያወደው መዓዛ ኩባያው ውስጥ የለም። ቅርንፉዱና ቀረፋው በተቃራኒው በፈላ ቁጥር ምሬታቸውን ያወጣሉ። ፍሬው እየቀነሰ ምሬቱ እየጨመረ ሄዶ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጣፋጭ የቅመም ውሃ ነው። ስኳሩም ዝም አይልም፤ ኮምጣጣ ፈሳሽ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲሞቅ ሃይድሮክሲሜቲልፉርፉራል የሚባል ነገር ይፈጠራል። ስሙ ረጅም ስለሆነ ኤችኤምኤፍ ይሉታል። የጀርመን የምግብ ቁጥጥር ቤተ ሙከራዎች ከገበያ የወሰዱትን ግሉቫይን ሲመረምሩ መጠጡ ከመጠን በላይ መሞቁን ወይም ለረጅም ሰዓት መቆየቱን የሚለዩት በዚህ ነው። ምላስ ግን ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም፤ የተቃጠለ ስኳር የሚመስል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ጣዕም ነው።

እና ምክሩ ይጽና፤ ድስቱ ከ70 እስከ 75 ዲግሪ መሃል ይሁን። ምክንያቱ ግን 78 የምትባል ገደል ስላለች አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ይህን ለሚሠራ ሰው ቁጥሮቹ ሁሉ ይወርዳሉ። ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው። ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ንጹሕ አልኮል 71 ወይም 72 ላይ፤ ወይኑ ደግሞ 84 አካባቢ። ሙኒክ ውስጥ 75 ዲግሪ ላይ ተረጋግቶ የሚቀመጥ ድስት እዚህ ለመፍላት የቀረበ ነው። እኔ 65 ላይ አቆመዋለሁ፤ ለመጠጣትም ያ ሙቀት ከበቂ በላይ ነው። ከአገር ውስጥ ወይን ጉደር ስኳር እንደልብ ለመጨመር ያመቻል፤ አክሱሚት ግን ከመነሻው ጣፋጭ ስለሆነ ስኳሩን መጨመር የሚገባው ከተቀመሰ በኋላ ነው። በሄል ፋንታ ኮረሪማ መጠቀም ይቻላል ወይ ለሚል፣ ይቻላል፤ ግን አንድ ፍሬ ተከፍታ ዘሩ ብቻ፣ ጭሱ ጎልቶ የማይሸት ከሆነ። ያኔ መጠጡ የድሬስደን መሆኑ ይቀርና ሌላ ነገር ይሆናል፤ መጥፎ ነው አላልኩም።

አሠራሩ ለአንድ ጠርሙስ፣ ማለትም ለ0.75 ሊትር ወይን ይህ ነው። ድስቱ የማይዝግ ብረት ወይም ኢናሜል የተቀባ ይሁን። ስስ የአሉሚኒየም ድስት አይሆንም፤ ወይን ኮምጣጣ ነው፤ ከአሉሚኒየም ጋር ይዋጋና የብረት ጣዕም ያመጣል።

መጀመሪያ ከጠርሙሱ አንድ የቡና ስኒ ተኩል ያህል ወይን ድስቱ ውስጥ አድርጉ። 60 ግራም ስኳር ጨምሩ፤ ይህ ከሞላ ጎደል 4 የሾርባ ማንኪያ ነው። ሁለት እንጨት ቀረፋ፣ አንድ ስታር አኒስ፣ ቅርንፉዱ የተሰካበት የብርቱካን ልጣጭ፣ ከወደዳችሁ ሁለት ስስ ቁራጭ ዝንጅብል። ይህን ትንሹን ወይን እሳት ላይ ጥዳችሁ በቀስታ 10 ደቂቃ አንተክትኩት። አዎ፣ ይህ ይፈላል። የሮማውያኑ 2 ስፍር ይህ ነው። ከቀረፋውና ከቅርንፉዱ የሚወጡት መዓዛዎች ዘይት ነክ ስለሆኑ ውሃ ውስጥ ብቻ ቢሆኑ በደንብ አይሟሙም፤ ሙቀትና ትንሽ አልኮል ይፈልጋሉ። ያንን ጠንካራ ሙቀት የሚያገኙት እዚህ ነው፤ የሚሠዋውም ይህ ትንሹ ወይን ብቻ ነው። ፈሳሹ ወፈር ሲልና ማንኪያው ጀርባ ላይ ሲጣበቅ እሳቱን አጥፉ፤ ለጥቂት ደቂቃ ይቀዝቅዝ።

ከዚያ የቀረውን ወይን በሙሉ ጨምራችሁ፣ የግማሽ ብርቱካን ጭማቂ ጨምቃችሁ፣ ድስቱን በትንሹ እሳት ላይ መልሱት። ክደኑት፤ ክዳኑ ላይ የሚጠራቀመው ጠብታ መዓዛውን ይዞ ተመልሶ ይወርዳል። ቴርሞሜትር ያለው ይጠቀም። የሌለው ክዳኑን እያነሣ ይይ፤ ስስ እንፋሎት እየተነሣ ገጹ ጸጥ ካለ ደህና ነው። ዳር ዳሩን ነጭ አረፋ መሰብሰብ ከጀመረ እሳቱ በዝቷል፤ ወዲያው አውርዱት። ግማሽ ሰዓት በዚያ ሁኔታ ይቆይ። ከ20 ደቂቃ በኋላ መቅመስ ጀምሩ፤ ቅርንፉዱ ከቀረፋው ቀድሞ ከተሰማችሁ የብርቱካን ልጣጩን አውጡት። ጣፋጭነቱ የሚስተካከለው በመጨረሻ ነው፤ ሲሞቅ ጣፋጭ የመሰለው ኩባያ ውስጥ ትንሽ ሲበርድ ይበልጥ ይጣፍጣልና ከምትፈልጉት ዝቅ አድርጋችሁ ተዉት። በማጥለያ አጥልላችሁ ቅዱ። ኩባያውን ቀድሞ በሙቅ ውሃ ማለቅለቅ ይጠቅማል፤ ቀዝቃዛ ሸክላ የመጠጡን ሙቀት ወዲያው ይወስደዋል።

አንድ ነገር ለሹፌሮች። 200 ሚሊ ሊትር፣ 12.5 በመቶ የሆነ ወይን ውስጥ 20 ግራም ያህል አልኮል አለ። ሲሞቅና ሲጣፍጥ አልኮሉ አፍ ላይ ስለማይታወቅ ሰው ሁለተኛውን ኩባያ እንደ ሻይ ይጠይቃል። ጀርመን ውስጥ መንዳት የሚፈቀደው በደም ውስጥ ከ0.5 ፐርሚል በታች ሲሆን ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ዓመት ላልሞላው ወይም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ደግሞ ምንም አይፈቀድም። ገበያ ላይ «ሚት ሹስ» የሚል ካያችሁ ሩም ወይም አማሬቶ ተጨምሮበታል ማለት ነው።

ሩም ካነሣን አይቀር፣ የግሉቫይን እሳታማ ዘመድ አለ፤ ፎየርትሳንገንቦውለ ይባላል። የሞቀው ወይን ላይ ብረት ይጋደማል፤ ብረቱ ላይ ሾጣጣ የስኳር ጉልላት ይቀመጣል፤ ስኳሩ ቢያንስ 54 በመቶ በሆነ ሩም ረስርሶ ይለኮሳል። ስኳሩ እየነደደና እየቀለጠ ጠብ ጠብ እያለ ወይኑ ውስጥ ይገባል። ብዙ ጀርመኖች ያዩት በሃይንሪሽ ሽፐርል ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ በ1944 በወጣውና ሃይንዝ ሩማን በተጫወተበት ፊልም ነው፤ ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው በገና ሰሞን ይታያል። ለመሥራት የሚያምራችሁ ከሆነ መብራት ማጥፋቱ ደስ ይላል፤ መጋረጃውን ግን ቀድማችሁ ሰብስቡ፤ ፀጉራችሁንም እሰሩ። እሳቱ ሲደክም ሩም የሚጨመረው በጭልፋ ብቻ ነው፤ በጠርሙስ ከፈሰሰ እሳቱ ተከትሎ ወደ እጅ ይወጣል። ልጆች ባሉበት ሳሎን እኔ አልሠራውም።

ከግሉቫይኑ ከተረፈ ቅመሙን በሙሉ አውጥታችሁ ይቀዝቅዝ፤ ቅመሙ ውስጡ ካደረ በማግስቱ መራራ ይሆናል። ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ እስከ አፉ ድረስ ሞልታችሁ፣ በደንብ ገጥማችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብታስቀምጡት ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። የምታሞቁት የምትጠጡትን ያህል ብቻ ይሁን፤ ሁለት ጊዜ የሞቀውን ሦስተኛ ጊዜ ከማሞቅ ለሥጋ ማብሰያ ማድረግ ይሻላል። የበሬ ሥጋ በቀይ ሽንኩርት ጠበስ አድርጋችሁ በዚህ ወይን ብታበስሉት ቀረፋው ይስማማዋል፤ እዚያ ላይ እንደልብ ይንተክተክ።